የክሎን ልጅ ነፍስ አለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ነው የምማረው። ጓደኛዬ ያዋሰችኝን የካዙዎ ኢሺጉሮን «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» የተባለ ልብ ወለድ ጨረስኩት። ልጆቹ ከሌላ ሰው ሕዋስ የተሠሩ ክሎኖች ናቸው። የሚያድጉት ኩላሊታቸውና ሌላው አካላቸው እየተወሰደ ሌላ ሰው እንዲድንበት ነው። እንዲህ የተሠራ ልጅ ነፍስ አለው? ካለውስ ለምን አይሸሽም? እናቴን ብጠይቃት «በእግዜር ሥራ አትግቢ» አለችኝ።

መልስ፦ በመጀመሪያው ጥያቄሽ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ነፍሳቸውን የሚጠራጠረው አካላቸውን የሚፈልገው ሕዝብ ነው። ልጆቹ የሚያድጉበት ትምህርት ቤት ሥዕላቸውንና ግጥማቸውን የሚሰበስበው «ይኸው ነፍስ አላቸው» ብሎ ለዚያ ሕዝብ ለማሳየት ነው። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ደጎች ናቸው። እኔን ግን ከክፉዎቹ ይልቅ ያናደዱኝ እነዚህ ደጎች ናቸው። ከልጆቹ አንዱ፣ ቶሚ፣ ሥዕል አይሆንለትም። እና እሱ ምን ሊሆን ነው?

ቁርጥ አንድ የሚመስሉ መንትዮች መንዝ ውስጥ አላየሽም? ዘረ መላቸው አንድ ነው። ሁለተኛውን «አንተ የወንድምህ ግልባጭ ነህ፤ እስቲ ነፍስህን አሳየን» ያለ ቄስ እኔ አልሰማሁም። ሁለቱም ለየራሳቸው ክርስትና ይነሳሉ።

እናትሽ ያሉት ግን ቀላል ነገር አይደለም። የበግ አገር ልጅ ነሽና በበግ ልንገርሽ። ዶሊ የተባለችው ክሎን በግ በ1996 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደችው ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ የጡት ሕዋስ ነው። 277 ጊዜ ተሞክሮ በሕይወት የተወለደችው እሷ ብቻ ናት። በበግ ሲሆን «ኪሳራ ነው» ይባላል፤ ይታለፋል። በሰው ቢሆን ግን ማህፀን ገብቶ የከሸፈው ፅንስ ሁሉ ከአንዲት ሴት የሚወጣ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላማ ልጅ ነው፤ አለቀ።

ለምን አይሸሹም? ዕጣቸው ገና ሳይገባቸው በጥቂት በጥቂቱ ተነገራቸው። ሲገባቸው ወሬው አርጅቷል። ሚስ ሉሲ የምትባለው አስተማሪ በግልጽ ልትነግራቸው ሞከረች፤ ብዙም ሳትቆይ ከትምህርት ቤቱ ሄደች። ደግሞስ ወዴት ይሂዱ? አጥሩ በውስጣቸው ነው። ትልቁ ምኞታቸው እንኳ ነጻ መውጣት አይደለም፤ አካላቸው የሚወሰድበት ጊዜ ጥቂት ዓመት እንዲራዘምላቸው ነው። አንቺስ «እንዲህ ነው» ተብለሽ፣ ለምን ብለሽ ጠይቀሽ የማታውቂው ስንት ነገር አለ?

ቶሚ መጨረሻው አካባቢ ከመኪና ወርዶ ጨለማው ውስጥ የሚጮኸውን ግን አትርሺ። መጽሐፉን ለጓደኛሽ ሳትመልሺ ያንን ምዕራፍ ድገሚው።