ዲፕሎማት ለመሆን የእናቴን ዕቁብ ልውሰድ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊዋ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ 26 ዓመቷ ነው። ጋዜጠኝነት ተምራ ሬዲዮ ጣቢያ ትሠራለች፣ ሕልሟ ግን ዲፕሎማትነት ነው። አዲስ አበባ ያለው አጎቷ «በወሬ የትም አይደረስም፤ ሥራሽን ልቀቂና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ» ብሏታል። ክፍያው 180 ሺህ ብር ነው፤ እናቷ ዕቁቧ ሲወጣ ልትከፍልላት ቆርጣለች፣ ያውም ጣሪያቸው እያፈሰሰ። እሷ ደግሞ ከምኒልክ ጋር ስለተዋዋለው አሜሪካዊ፣ ስለ ሮበርት ስኪነር አንብባ ኖሮ እንዲህ ትላለች፦ «ሰውየው ጋዜጣ ነበረው፤ እኔ ያለኝ የተሰነጠቀ ሪከርደር ነው።»

ስኪነርን ማንሳትሽ ጥሩ ነው፤ የያዝሽው ግን በተሳሳተው ጫፍ ነው።

ሰውየው በ1866 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ማሲሎን፣ ኦሃዮ ተወለደ። ኢቭኒንግ ኢንዲፔንደንት የሚባል ጋዜጣ ነበረው። ጋዜጣ ሲባል ፎቅና ግርማ አይታይሽ፤ የትንሽ ከተማ ጋዜጣ ነው። ከዚያችው ከተማ በ1894 ጃኮብ ኮክሲ የሚባል ነጋዴ ሥራ አጦችን አሰልፎ «ሥራ ስጡን» ለማለት በእግር ወደ ዋሽንግተን ተነሳ። እዚያ ሲደርስ የምክር ቤቱን ሣር ረገጥክ ተብሎ ታሰረ። (ሥራ ፈላጊ የሚንገላታው እኛ ጋ ብቻ አይደለም።)

ስኪነር በ1897 የፈረንሳይ ወደብ ከተማ ማርሴይ ላይ የአሜሪካ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፣ በ31 ዓመቱ። እንግዲህ «ዕድሜዬ ሄደ» ያልሽውን እዚህ ላይ እንዝጋው።

አባትሽ «ያለ ዘመድ አይሆንም» ይላሉ አልሽ። አልዋሹም። ያን ዓመት ፕሬዚዳንት የሆነው ማኪንሊ የካንተን ሰው ነው፤ ካንተን ደግሞ ከማሲሎን 13 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ያኔ የቆንስል ቦታ በአብዛኛው ላሸነፈው ፓርቲ ወገኖች የሚታደል ነበር፣ ደህና የፈተና ሥርዓት የመጣው በ1906 ነው። ስለዚህ ስኪነር በንጹሕ ውድድር ገባ ብዬ አላታልልሽም። ግን በዘመድ የገባው እሱ ብቻ አልነበረም፣ በየወደቡ ተሹመው ስማቸው የማይታወስ ሞልተዋል። እሱ ከገባ በኋላ ምን ሠራ? ያንቺ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቆንስል ማለት አምባሳደር አይደለም። ባንዲራ የሰቀለ መኪና የለውም። የሚውለው ወደብ ላይ ነው፤ የገባውን፣ የወጣውን፣ ማን ለማን እንደሸጠ መዝግቦ ለአገሩ መላክ ነው ሥራው። ልክ የገበያ ዘጋቢ በይው። ስኪነርም እዚያ ተቀምጦ አንድ ነገር አስተዋለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው የሚለብሰው አቡጀዲ ብዙው የአሜሪካ ጨርቅ ነው። ከኢትዮጵያም ቡናና ቆዳ አሜሪካ ይገባል። ግን ሁሉም የሚያልፈው በኤደን ወደብ (የመን) እና በሌሎች ነጋዴዎች እጅ ነው፤ ሁለቱ መንግሥታት ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ይህንን እየጻፈ ዋሽንግተንን ወተወተ። ጉዳዩ ከማኪንሊ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት የሆነው ሩዝቬልት ጋ ደረሰ፣ እሺ አለ፣ መልእክተኛውም ራሱ ስኪነር ሆነ። ከጅቡቲ በባቡር ተነሳ፤ የወረደው የት ይመስልሻል? ያንቺ ከተማ! ሐዲዱ ያኔ እዚያ ነበር የሚያበቃው። የቀረውን በበቅሎና በግመል ሄዶ ታኅሣሥ 17 ቀን 1896 በእኛ አቆጣጠር (በፈረንጅ 1903) አዲስ አበባ ላይ የንግድ ውሉ ተፈረመ፣ እንደደረሰ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ።

ይሄ ሁሉ ከአንድ ጣቃ አቡጀዲ ነው የተነሳው። ጨርቁን ማንም ያየዋል፤ «ከየት መጣ? መሐል ላይ የበላው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ግን የጋዜጠኛ አመል ነው። አጎትሽ ጣዪው የሚልሽ ይህንኑ አመል ነው። ሰውየው በዚህ አመሉ ኋላ ግሪክና ባልቲክ አገሮች ሚኒስትር (ከአምባሳደር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ የአገሩ መልእክተኛ)፣ በ1933 ቱርክ አምባሳደር እስከ መሆን ደርሷል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። በግልጽ ልናገር፣ አጎትሽም ይስማኝ፤ ከኪሱ የማያወጣ ሰው ምክሩ ርካሽ ነው። እኔም በጊዜዬ ደሞዜን አጠራቅሜ ሁለተኛ ዲግሪ ገዝቻለሁ። ገዝቻለሁ ነው የምለው። ሞጁሉ ፎቶ ኮፒ ነበር፣ መሐሉ ላይ አራት ገጽ ተዘቅዝቆ የታተመ፤ መምህሩም ሳያስተውል ያንኑ ዘቅዝቆ አነበበልን። ወረቀቱ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ አለ። እንጀራ ያበላኝ እሱ ሳይሆን ስድስት ዓመት የቡና ዋጋ የጻፍኩበት የጋዜጣ ገጽ ነው። የመጀመሪያው ላኪ ድርጅት የቀጠረኝም በሱ ነው፣ ገና ሳልቀመጥ «ያቺ የገበያ ገጽ አንቺ ነሽ?» ብለው።

ትምህርት አትማሪ አላልኩም። ሥራሽን ለቀሽ፣ በእናትሽ ዕቁብ፣ በዚህ ዓመት አትማሪ ነው ያልኩት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ መስፈርቱን ራስሽ አንብቢ፣ ሰው አይንገርሽ። ማስተርስ የግድ ካለ ያኔ በማታ ወይም በርቀት ትማሪያለሽ፣ ደሞዝሽን እየበላሽ።

ፈረንሳይኛ የለኝም ላልሽው፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ እዚያው ከተማሽ አለ። የስኪነር ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ እንደሆነም ልጠቁምሽ። ዛሬ ተመዝገቢ።

ሪከርደሩን ግን አትናቂው። ያለሽው ደረቅ ወደብ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናና የጅቡቲ ባቡር ባለበት ከተማ ነው፣ አንቺ ደግሞ ስለ ዲፕሎማሲ አዲስ አበባ ሄደሽ ልትማሪ ነው የምትይው! ኤምባሲዎቻችን ዛሬ ኢኮኖሚ ዲፕሎማሲ እያሉ የሚጮኹለት ነገር ከቀፊራ ገበያ ይጀምራል። አንድ ዕቃ ምረጪ፣ ሽንኩርትም ይሁን ምንጣፍ። ከየት ተነሳ፣ ስንት ኬላ አለፈ፣ የትኛው ላይ ስንት ቀን ቆመ፣ ጅቡቲ ያለው ገዢ ምን ያማርራል? አሥር ደቂቃ የሚሆን ፕሮግራም ሥሪው፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ዕቃ። በዓመቱ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ እጅሽ ላይ አሥራ ሁለት ሥራ ይኖራል።

የመጀመሪያውን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አዳምጬ እተቸዋለሁ፣ አልራራም። እናትሽንም ዕቁቡ ሲወጣ መጀመሪያ ጣሪያውን ያስጠግኑ በያቸው፤ ክረምቱ ቀርቧል።