ዳትሰን 240ዜድ፦ ቁልፉን ስለቀው ሞተሩ ይጠፋል ላልከው

ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለሻማዎቹ የሚያከፋፍለው) ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው አውጥተህ የጣልከው ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚቀንሰው) ጋ ነው።

የዳትሰን 280ዜድኤክስን ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር ከገጠምክ በኋላ ሞተሩ ቁልፉን ስታዞር ይነሳል፣ ስትለቀው ድርግም ይላል ብለሃል። ወደ ኮይሉ (የባትሪውን ቮልቴጅ ለሻማ እሳት ከፍ የሚያደርገው) ኤሌክትሪክ የሚሄደው በሁለት ሽቦ ነው። አንዱ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ በቀጥታ ይሰጣል። ሌላው ከተነሳ በኋላ በዙር መቁጠሪያው አልፎ በሬዚስተሩ በኩል ይመጣል። ሬዚስተሩን ስታወጣ ሁለተኛው ተቋርጧል፤ አሁን ያለህ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

1. የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል።
2. ሬዚስተሩ ላይ ታስረው የነበሩትን የሁለቱን ወገን ሽቦዎች አንድ ላይ አገናኝ፤ ወደ ኮይሉ ፖዘቲቭ ይግቡ። ጠምዝዘህ በፕላስተር አትለፈው፣ በደንብ በተርሚናል እሰረው።
3. ሞጁሉ (ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክ ሳጥን) ላይ "ቢ" የሚለው ወደ ኮይሉ ፖዘቲቭ፣ "ሲ" የሚለው ወደ ኔጌቲቭ።

ከቁልፉ አዲስ ሽቦ ሳብ የሚሉህን አትስማ። ሞተሩ ይሠራል፣ ዙር መቁጠሪያው ግን ይሞታል። እሱ የሚቆጥረው በውስጡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ነውና።

ምርጫህ ግሩም ነው። ለዚያ 2.4 ሊትር ሞተር በዚህ ዋጋ የተሻለ ማሻሻያ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ከልምድ ልንገርህ። ተነሳልኝ ብለህ ወዲያው አትንዳው። የአዲሱ ዲስትሪቢዩተር አድቫንስ (ዙር ሲጨምር እሳቱን የሚያስቀድምበት መጠን) ከድሮው ይለያል። ታይሚንጉን (እሳቱ የሚነሳበትን ቅጽበት) በታይሚንግ መብራት እይ፣ ስራ ፈት ላይ ብቻ ሳይሆን 3000 ዙር አካባቢም። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጠው የማንኳኳት ድምፅ ከሰማህ እግርህን አንሳና ታይሚንጉን ወደኋላ መልሰው። ፒስተን የሚበላው ማንኳኳቱ ነው።