ቃሉ ገብቶኝ ሀሳቡ ያመልጠኛል ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ልቦለድ ሳነብ የማላውቀውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት እያየሁ እጽፋለሁ፣ ስጨርስ ግን ሌሎች ያዩትን እኔ አላየሁትም፣ ችግሬ ምንድነው ነው ያልሽው አይደል። እኔም ለብዙ አመት እንደዛ ነበርኩ፣ ደብተሬ በቃል ፍቺ ተሞልቶ ታሪኩ ግን ከእጄ ያመልጠኝ ነበር። የጠቀመኝን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

መጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን ራቅ አድርጊው፣ አትጣይው ራቅ አድርጊው ብቻ። አዲስ ቃል ሲያጋጥምሽ በእርሳስ አስምሪበትና ሁለት ሶስት አረፍተ ነገር ቀጥዪ፣ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ እዛው አካባቢ ይፈታልሻል። ለምሳሌ "ሶስቴ ጮሆ ጠራው፣ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መንገዱን ቀጠለ" የሚል ብታገኚ፣ ዳባን ፍለጋ ብትሄጂ የቆዳ ልብስ ነው ይልሽና ከታሪኩ ያስወጣሻል። ጠራው፣ ግን፣ ቀጠለ የሚሉትን ሶስቱን ብቻ ብታይ ግን እየሰማ እንዳልሰማ መሆኑ ወለል ብሎ ይታያል። ግን፣ ይሁን እንጂ፣ ማለትም፣ ስለዚህ የሚሉትን ትናንሽ ቃላት ዘለሽ አትለፊ፣ ሀሳቡ የት ጋ እንደታጠፈ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ግምትሽን ዳር ላይ ጻፊና ምዕራፉ ሲያልቅ አመሳክሪው።

የኛ ፊደል ደሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፣ እዚህ ላይ አውዱን ካላየሽ መውጫ የለሽም። "በዚያ ቤት ልጁ ይሰማል" የሚለውን አንብቢው። አላልተሽ ካነበብሽው ልጁ የተባለውን ሰሚ ነው፣ አጥብቀሽ ካነበብሽው ደሞ የልጁ ቃል ተደማጭ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቤቶች ናቸው! የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ ከላይና ከታች ያለው አረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ አባትየው ሲቆጣ ነው ወይስ ልጁን ሲያማክር ያየሽው?

ወደ ዘይቤው ስንመጣ ትምህርት ቤት ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ምጸት እያልን ስሙን ሸምድደናል፣ ስሙን ማወቅ አይከፋም ግን እኔን ብዙ አልረዳኝም። የረዳኝ አንድ ነገር ነው፣ ቃሉ በቀጥታ ፍቺው አልገጥም ያለበት ቦታ ላይ መቆም። ይቺን እኔ ነኝ የጻፍኳት ለምሳሌ ያህል፦

"ሰውዬው ደብዳቤውን አንብቦ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። 'ምነው ዛሬ ብርዱ' አለ። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።"

የድሮው እኔ ብሆን ጸሐፊው ተሳስቷል ብዬ አልፍ ነበር፣ ፀሐይ እያለ ምን ብርድ አለ ብዬ። አሁን ግን እዛ አለመግጠሙ ላይ እቆማለሁ፣ ብርዱ ከውጭ ካልመጣ ከየት መጣ? ከዛ በፊት የሆነው ነገር ደብዳቤው ብቻ ነው። ምን እንደተጻፈበት አንድ ቃል አልተነገረንም፣ መርዶ ይሁን ክህደት አናውቅም፣ የሰውዬው ውስጥ ምን እንደሆነ ግን አወቅን። "በጣም አዘነ" ቢለን ኖሮ እኮ አንብበን እናልፈው ነበር።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው አጠራሩን ነው። አንድ ልቦለድ ሳነብ ባልና ሚስቱ ከመጀመሪያው ጀምረው አንተ አንቺ ሲባባሉ ቆይተው እሷ ጥላው ስትሄድ ደነገጥኩ፣ ድንገት የመጣ ነገር መሰለኝና ተናደድኩበት። ተመልሼ ሳገላብጥ ግን ብዙ ገጽ ቀደም ብሎ፣ በተራ ወሬ መሃል፣ "እርስዎ እንዳሉ ይሁን" ብላ መልሳለታለች። አክብሮት አልነበረም፣ የሄደችው ያኔ ነው። ከዛን ቀን ወዲህ አንተው ወደ እርስዎ፣ እሱው ወደ እሷ ሲዞር ካየሁ እቆማለሁ፣ ወንዱን ልጅ እናቱ አንቺ ስትለው ማቆላመጧ ነው፣ ጠላቱ አንቺ ሲለው ደሞ ስድብ ነው፣ ያው አንድ ቃል።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር ግን አለ፣ ይሄ ነገር ሲለመድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሀዘን ነው፣ በር በተዘጋ ቁጥር መለያየት ነው ማለት ይመጣል፣ እኔም ወድቄበታለሁ። ዝናብ ዝናብ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ያሰብሽውን የሚደግፍ ሌላ ቦታ እዛው ጽሑፉ ውስጥ ፈልጊ፣ ድግግሞሽ ካለ ወይ ገጸ ባህሪው ላይ አንድ ለውጥ ካመጣ ያዢው፣ ከሌለ ልቀቂው።

ግጥም ከሆነ ደሞ በአይን ብቻ አታንብቢ፣ ድምፅ አውጥተሽ አንዴ አጥብቀሽ አንዴ አላልተሽ ሞክሪው። ሰሙን ይዘሽ ወርቁ የጠፋብሽ ግጥም ላይ ብዙ ጊዜ ኅብረ ቃሉን፣ ሁለቱንም ፍቺ የያዘውን ቃል ማለቴ ነው፣ የምትይዢው በጆሮሽ ነው።