ተራራው ካርቶን የሚመስለው በኮምፒውተርህ ምክንያት አይደለም

ወንድሜ፣ «ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም ላይ የምሠራቸው የደሴ ተራሮች እንደ ተለጠፈ ካርቶን ይመስላሉ፤ የግራፊክስ ካርድ ልቀይር ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው መልሴ አትቀይር ነው። እኔ ቀይሬያለሁ። ዕቁብ ሲደርሰኝ ብሩን በሙሉ ለካርድ አዋልኩና ሥዕሉ ውስጥ ጦሳ በተባለው የደሴ ተራራ ላይ ባሕር ዛፍ በሺህ እየቆጠርኩ ተከልኩ። ሥዕሉ ባሰበት። የማዶው ዛፍ ከቅርቡ እኩል ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ተራራው አጠገብህ የተገተረ መጋረጃ ይሆናል።

1. ልኩን አስተካክል። የደሴን ዙሪያ ያወጣሁት ኢንዴቨር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2000 በራዳር ከለካችው የከፍታ መረጃ ነው። በነጻ ይገኛል፤ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር ያህል ስፋት ይሸፍናል፤ ስለዚህ ከካሜራው ሥር ያለውን መሬት በእጅህ መሥራት አለብህ። መዘዙ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው ግን በሜትር ተለክቶ ይመጣል። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሜትር መለወጥ ያስፈልጋል፤ ለእኛ አካባቢ የሚሆነው በሜትር የሚለካው የካርታ ሥርዓት ዩቲኤም 37 ሰሜን ነው። እኔ ይህን ዘልዬ በዓይን ግምት ጎተትኩት። ይባስ ብዬ ጦሳ ግርማ እንዲኖረው ከፍታውን በ2 አባዛሁት።

ሥራው የአንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ኮረብታ ላይ ሊሠራ የታሰበ የእንግዳ ማረፊያ ገጽታ። ሁለት ሰዓት ኮሪደር ላይ ካስቀመጠኝ በኋላ ኃላፊው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ «ይህ የልጆች መጫወቻ ነው» አለና ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ምን እንደ ጎደለው ብጠይቀው «ባለሙያው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ስወጣ በር ላይ የነበሩት አዛውንት ዘበኛ «እስቲ ልየው፣ ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ። «ጦሳ እንዲህ ሹል ነው እንዴ? ደግሞ የማዶው ምነው አልደበዘዘም?» አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማስተማሪያ ቪዲዮ አይቼ ያልገባኝ ነገር ነበር።

2. አየር። በማግስቱ ማለዳ ወደ ኮምቦልቻ መውረጃው ላይ ቆሜ ሸንተረሮቹን ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ላይ የባሕር ዛፉ ቅጠል ይለያል። በሁለተኛው ዛፉ እንጂ ቅጠሉ የለም። በሦስተኛው አረንጓዴው ጠፍቷል። አራተኛው ከሰማዩ የሚለየው በጠርዙ ብቻ ነው። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ቀለሞቹን ኮምፒውተር ላይ ስመረምር፣ የሩቁ ሸንተረር ጥቁር ጥላ ከቅርቡ ሜዳ ጥላ በጣም የፈካና ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ሰማያዊ ብርሃን ሞገዱ አጭር ስለሆነ አየር ውስጥ ይበልጥ ይበተናል፤ የተበተነውም በእኛና በተራራው መካከል ይሞላል። ቀድሞ የሚያሳብቀው ጥላው ነው። እኔ ግን ሁሉንም ጥላ ጥቁር አድርጌ፣ በላዩ ላይ ነጭ ጭጋግ ስረጭ ነበር የከረምኩት።

ልኩ እውነተኛ ከሆነ የአየሩን ጥግግት በሜትር 0.0001 ገደማ አድርገው። ያኔ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ነገር ከሚመጣው ብርሃን 10 በመቶ ያህል፣ ከ5 ኪሎ ሜትር ደግሞ 40 በመቶ ያህል ይጠፋል። ይህንኑ ቁጥር ያን ጊዜ በተዛባው ልኬ ላይ አስገብቼው ምንም ለውጥ ስላላየሁ ደጋግሜ አበዛሁት፤ ወሎ በሙሉ ወተት ውስጥ ገባ።

ኮምፒውተርህ እውነተኛውን አየር ማስላት ካቃተው፣ ርቀትን በግራጫ የምታሳየውን ንብርብር አውጥተህ ቀለሙን በኋላ ጨምርበት። ስሟ «ሚስት» ነው፤ በእንግሊዝኛ ጭጋግ ማለት ነው። ለጓደኛዬ በስልክ «ሚስትህ በጣም ስለደመቀች ትንሽ ቀንሳት» ስለው ባለቤቴ ሰምታኝ ያንን ምሽት ማስረዳት ነበረብኝ።

3. ተንቀሳቃሽ ምስል ከሆነ በቀጥታ ቪዲዮ አድርገህ አታውጣ፤ እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የሚገነባበትን ነጠላ ምስል፣ በፎቶ አስቀምጥ። መብራት ሲጠፋ ከቆመበት ትቀጥላለህ። የእኔ በሁለተኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል ጠፍቶ ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

ልኩንና አየሩን ካስተካከልኩ በኋላ ዛፉን በግማሽ ቀንሼ፣ በድሮው ካርድ ሥዕሉን እንደገና ሠራሁት። አዲሱን ሸጥኩት፣ በኪሳራ። ኃላፊው ምንም ሳይናገር ሥዕሉን ተቀበለኝ፤ ቀሪውን ክፍያ እስከ ዛሬ አልከፈለኝም፤ ሥዕሉ ግን በመስታወት ተሸፍኖ ከወንበሩ በስተኋላ ተሰቅሏል። ያዩት ዘበኛው ነግረውኝ ነው።