መልስ፦ የቆየ ቃርና የምግብ ቧንቧ ካንሰር
ወዳጄ "ቃር ካለብኝ አመታት ሆነኝ፣ ቅመም ስለምወድ ካንሰር ይይዘኝ ይሆን" ላልከው፣ መጀመሪያ አትደንግጥ፣ ቃር ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹን ካንሰር አይዛቸውም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አሲዱ ለአመታት ወደላይ እየተመለሰ የምግብ ቧንቧውን የታችኛውን ጫፍ ሲያቃጥለው አንዳንዱ ሰው ላይ ሽፋኑ ተቀይሮ የአንጀት ሽፋን ይመስላል፣ ባሬት ይሉታል፣ እሱም ካለባቸው ውስጥ በአመት ወደ ካንሰር የሚሄድበት ከ1 ፐርሰንት በታች ነው። ቅመሙ ቃሩን ይቀሰቅስብህ ይሆናል፣ እኔ ግን ከቅመሙ ይልቅ ቦርጩን ነው የምፈራልህ፣ ጨጓራን ተጭኖ አሲዱን ወደላይ ይገፋዋል፣ ሲጋራ ካለበት ደሞ ባሰ። ከቃር የሚመጣው ይሄኛው አይነት ነው፣ ሌላኛው አይነት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ግን ከቃር ጋር ብዙም አይገናኝም፣ የሱ ዋና ጠላት ሲጋራና አልኮል ነው፣ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥም ይጠረጠራል (ሻይህን ትንሽ አብርደው በቃ)። እራት በልተህ ወዲያው አትተኛ፣ 3 ሰአት ያህል ቆይ፣ ራስጌውን ከአልጋው ጀምረህ ከፍ አርገው፣ ትራስ መደራረብ አንገት ከማጠፍ ውጪ ብዙም አይረዳም። ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን መድሃኒት) ስትውጥ ስለተሻለህ ብቻ ግን አትዘናጋ፣ ምግብ ስትውጥ መያዝ ከጀመረህ፣ ያለምክንያት ከከሳህ ወይ ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ዛሬ ነገ ሳትል ሀኪም ጋ ሄደህ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ታይ።