ዳኛው መዶሻ ሲመታ፦ በ1936 ለንደን የመርማሪ ድራማ ውስጥ ስህተት ስለ መልቀም

የተጠየቀው ይሄ ነው፦ «በ1936 ለንደን ውስጥ የሚካሄድ የመርማሪ ድራማ እያየን ነው። ዳኛው መዶሻ መምታቱ ስህተት ነው የሚል ሰው አለ። እውነት ነው? እንዲህ ያለውን ለማግኘትስ ከምን እንጀምር?»

እውነት ነው። የእንግሊዝ ዳኛ ያኔም መዶሻ አይዝም፣ ዛሬም አይዝም፤ ከአሜሪካ ፊልም የተኮረጀ ነው። እዚያው ችሎት ላይ እያላችሁ ጁሪውንም (ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑትን አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች) ልብ በሉ። እስከ 1967 ድረስ አሥራ ሁለቱም ካልተስማሙ «ጥፋተኛ ነው» ማለት አይችሉም ነበር፤ «አሥር ለሁለት» ከተባለ ተሳስተዋል። ፖሊሱም ሰውየውን ሲይዝ «ጠበቃ ከሌለህ ይቆምልሃል» እያለ መብት ከዘረዘረ፣ ያ በ1966 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የመጣ ነው፤ አገሩም ዘመኑም ሌላ። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ ነው።)

ከምን ትጀምሩ? ከዓመቱ። ታሪኩ የትኛው ወር ላይ እንዳለ ካላወቃችሁ ክርክሩ ውሃ መውቀጥ ነው። 1936 ደግሞ ተንኮለኛ ዓመት ነው፤ ሦስት ንጉሥ አይቷል። ጆርጅ አምስተኛ ጥር 20 ቀን ሞተ፣ ኤድዋርድ ስምንተኛ ታኅሣሥ 11 ቀን ዙፋኑን ለቀቀ፣ ጆርጅ ስድስተኛ ተተካ። ስለዚህ በጥቅምት በተላከ ደብዳቤ ላይ የኤድዋርድ ቴምብር ቢታይ ልክ ነው፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ሰውየው ከኪሱ የሚያወጣው ሳንቲም ላይ ግን የኤድዋርድ ፊት ከታየ ስህተት ነው፤ የእሱ ሳንቲም በአገሩ ለሕዝብ አልወጣም። የ1936 ሳንቲም የሟቹን የጆርጅን ምስል እንደያዘ ነው።

ጋዜጣም ወሩን ይነግራችኋል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 5 ነው (በእኛ ሚያዝያ 27)፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለንደን የደረሱት ሰኔ 3። አንባቢው በእጁ የያዘው ስለዚያ ጦርነት ከሆነ ወሩን መገመት ቀላል ነው፤ የዚያ ዘመን ጋዜጣ ግን አገራችንን የሚጠራት በአብዛኛው «አቢሲኒያ» ብሎ ነው። ጋዜጣው «ዘ ታይምስ» ከሆነ ደግሞ የፊት ገጹን ፖዝ አድርጉ። እስከ ግንቦት 3 ቀን 1966 ድረስ ፊት ገጹ የማስታወቂያ ገጽ ነበር፤ «ባላባቱ ተገደሉ» የሚል ትልቅ ርዕስ እዚያ ላይ ሊኖር አይችልም። በሌሎቹ ጋዜጦች ይቻላል።

የሳምንቱን ቀን ለማጣራት ስልካችሁ ይበቃል። በዓመቱ ላይ 84 ደምሩ፤ ቀኖቹ ይገጥማሉ። 1936 ከ2020 ጋር፣ 1939 ከ2023 ጋር አንድ ነው። ምስክሩ «መጋቢት 12፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ» ቢል፣ የ2020ን ክፈቱ፤ ሐሙስ ነው።

ጎዳናው ላይ ስትወጡ ስህተቱ ይበዛል። ቀዩ የፖስታ ሳጥን ላይ «ኢ ሁለት አር» የሚል ምልክት ካለ የንግሥት ኤልሳቤጥ ነው፤ ከ1952 በፊት አይኖርም። የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ባለ ቢጫ ኳሱ ምሰሶ ከ1934 ጀምሮ ስለነበረ ልክ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥቁርና ነጭ ዜብራ ግን የ1951 ነው። ታርጋው ጥቁር ሆኖ ጽሑፉ ነጭ ወይም ብርማ መሆን አለበት፤ ከቁጥሩ ኋላ የዓመት ፊደል ካለው ከ1963 ወዲህ ነው። የጣሪያ አንቴና፣ የመንገድ ዳር ቢጫ መስመር፣ ምስክሩ የሚፈርምበት ስክሪብቶ፦ ሦስቱም ተጠርጣሪ ናቸው።

እኔ ከሁሉ የምወደው የስልክ ዳሱን ነው፣ ብዙ ሰው አያየውም። የ1926ቱ ዓይነት በየጎኑ እኩል እኩል የሆነ መስታወት በስድስት ረድፍ አለው፤ የ1936ቱ ስምንት ረድፍ ሆኖ የመሃሉ መስታወት ሰፊ ነው። ታሪኩ 1930 ላይ ሆኖ ስምንት ረድፍ ከቆጠራችሁ ያዛችሁት። ውስጡ ሁለት ቁልፍ አለ። ሳንቲም ይገባል፣ ያኛው ወገን ሲያነሳ ቁልፍ «ኤ» ይጫናል፤ ያለዚያ ድምፃችሁ አይሰማም። ካልተነሳ «ቢ» ተጭኖ ሳንቲሙ ይመለሳል። ተዋናዩ ሳይጫን ወሬውን ከጀመረ ስህተት ነው። ለአደጋ ጥሪ 999 መደወልም የተጀመረው ሰኔ 30 ቀን 1937፣ ያውም ለንደን ላይ ብቻ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያረጀ ነገር በአዲስ ዘመን መገኘቱ ስህተት አይደለም። የ1924 መኪና በ1936 ሊነዳ ይችላል። የሚያስጠይቀው ወደፊት የሚመጣው አስቀድሞ ሲታይ ነው።

ኮንቲኒዩቲ፣ ማለትም በአንድ ትዕይንት ውስጥ ነገሮች ከሾት ሾት ሳይለወጡ መቀጠላቸው፣ ሌላ ሥራ ነው። አንድ የራት ትዕይንት መጀመሪያ ሙሉ ክፍሉን በሚያሳይ ሾት ይቀረጻል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ተዋናይ በክሎዝ አፕ (ከቅርብ) እንደገና ይቀረጻል፣ ሁሉም ደጋግሞ። ኤዲተሩ የሚመርጠው የተሻለውን ትወና ነው፤ ሲጋራው ግን በየቀረጻው አዲስ ነው። ለዚህ ነው ያጠረው ሲጋራ መልሶ የሚረዝመው። ክፍሉን አንዴ ሳታቋርጡ እዩ፣ ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍታችሁ። ድምፅ ሲጠፋ ዓይን ወደ እጅ ይሄዳል፦ ሲጋራ፣ የብርጭቆው መጠጥ ልክ፣ የሻማ ቁመት፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ኩባያውን የያዘው እጅ ቀኝ ነው ግራ። የምታነጻጽሩት በአንድ ትዕይንት ውስጥ ያሉ ተከታታይ ሾቶችን ብቻ ነው። ትዕይንቱ ከተቀየረ ሰዓት አልፎ ይሆናል፣ ሻማም ተለውጦ ይሆናል።

የመርማሪ ድራማ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ «ስህተቱ» ፍንጭ ሊሆን ይችላል። የቆመ ሰዓት፣ ጎኑን የቀየረ ወንበር፣ ቀኑ ያልገጠመ የምስክር ቃል ደራሲው ሆን ብሎ ያኖረው ሊሆን ስለሚችል፣ መርማሪው በመጨረሻ ሁሉንም ሰብስቦ እስኪፈታው ድረስ ኢንተርኔት ላይ አትለጥፉት። መጋቢት 12 እሑድ ነው ያለው ሰውዬም ገዳዩ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስትለጥፉ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የክፍሉን ደቂቃና ሰከንድ፣ ያያችሁትን፣ ያ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንዳለ።