ጥያቄና መልስ፦ ዝም ብዬ ስቀመጥ ሐሳቤ ይሄዳል፤ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል መስኮት አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ምንም አልሠራም። ሐሳቤ ግን ጭልጥ ብሎ ይሄዳል። አንዴ ልጅነቴ ይመጣል። አንዴ ለሦስት ዓመት ያልተነጋገርኳት ጓደኛዬ ትመጣለች። አንዴ ደግሞ ከአለቃዬ ጋር በሐሳቤ ስከራከር ራሴን አገኘዋለሁ። ስባንን አንድ ሰዓት አልፏል። ከዚያ ጸጸት ይይዘኛል። «ሥራ የፈታ አእምሮ የሰይጣን ቤተ ሙከራ ነው» ይባላል። ጌታም ባዶ ሆኖ ስለተገኘው ቤት ተናግሯል። ስለዚህ አሁን ያንን ሰዓት በስብከትና በመዝሙር እየሞላሁት ነው። ሰላም ግን አላገኘሁም። ለንስሐ አባቴም በየጊዜው «ሐሳቤ ባከነ» እያልኩ እናዘዛለሁ። ኃጢአት ነው ወይ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ስለ ጸሎት ሰዓትና ስለ ሰንበት አከባበር አልነግርሽም። ያንን እንደምታውቂ ጥያቄሽ ራሱ ይናገራል። በቀጥታ ወደሚያስጨንቅሽ ነገር ልግባ። አይደለም። መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በሐሳብ መሄድ በራሱ ኃጢአት አይደለም።

መጀመሪያ የጠቀስሻቸውን ሁለት ነገሮች እናጥራ። «ሥራ የፈታ አእምሮ» የሚለው ሰዎች የሚሉት አባባል ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ የሚል ጥቅስ የለም። ብዙ ሰው ግን ምዕራፍና ቁጥር ያለው ይመስለዋል። «ምሳሌ ስንት ላይ ነው?» ብሎ የጠየቀኝም አለ።

ባዶው ቤት ግን በእርግጥ አለ፤ ማቴዎስ 12፥43-45። እዚያ ላይ የወጣው መንፈስ የሚለውን ልብ በይ። «ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» ነው የሚለው። ቤቱ ተጠርጓል፣ አጊጧል፤ ሌላ ባለቤት ግን አልገባበትም። ጌታም ይህን የተናገረው ምልክት አሳየን እያሉ እርሱን ራሱን ለማይቀበሉት ሰዎች ነው። ለዚህ ነው «ለዚህ ክፉ ትውልድ ደግሞ እንዲሁ ይሆንበታል» ብሎ የዘጋው። ስለ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጸጥታ አልተናገረም። ጸጥ ያለ ቤት ሁሉ ሰው የሌለበት አይደለም። ባለቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። አንቺ ተጠምቀሻል፣ ትቆርቢያለሽ። ቤትሽ ባለቤት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህንን ስሕተት በየጊዜው አገኘዋለሁ። ወጣቱም አረጋዊውም ይዞት ይመጣል። የመጣን ሐሳብ ሁሉ እንዳደረጉት ነገር መቁጠር ነው። አማርኛችን እንኳ ሁለቱን ይለያል። «ሐሳብ መጣብኝ» እንላለን። «አሰብኩበት» ደግሞ ሌላ ነው። የመጣብሽን አልጠራሽውም። አስቀምጠሽ ካስተናገድሽው ግን የአንቺ ሆነ።

በግብጽ በረሃ ስለነበሩ አባቶች የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አንድ ወንድም ወደ አረጋዊ መነኩሴ መጥቶ «ሐሳብ በዛብኝ፣ ልጠፋ ነው» አለው። አረጋዊው እጁን ይዞ ወደ ውጭ አወጣውና «ደረትህን ገልጠህ ነፋሱን ያዘው» አለው። «ይህንማ እንዴት እችላለሁ?» አለ። «እንግዲያው ሐሳብ እንዳይመጣብህም መከልከል አትችልም። የአንተ ድርሻ ሲመጣ እሺ አለማለት ነው» አለው። እኔ ይህን ታሪክ ለሌሎች ስናገር ኖሬ ለራሴ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን ከፍተሽ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጪልኝ። ሁለቱም በመሸ ጊዜ ብቻቸውን ሲንጎራደዱ ነው የምናገኛቸው።

አንዱ ይስሐቅ ነው። ዘፍጥረት 24፥63 ላይ በመሸ ጊዜ በልቡ እያሰላሰለ ወጥቶ ነበር ይላል። ምን እንዳሰላሰለ አልተጻፈም። ሳስበው ደስ ይለኛል፤ መጽሐፍ እንኳ ለሰውየው የግሉን ትቶለታል። ከምዕራፉ መጨረሻ ግን አንድ ፍንጭ እናገኛለን። «ይስሐቅም ከእናቱ ሞት ተጽናና» ይላል። ስለዚህ ያን ቀን ሜዳ ላይ ሲሄድ ኀዘኑ ገና አልወጣለትም ነበር። ምናልባት ሣራን እያሰበ ይሆናል። ምናልባት ልጅነቱን። ዓይኑን ሲያነሣ ግመሎች ሲመጡ አየ። ሚስቱ የምትሆነው ርብቃ ነበረች።

ሌላው ዳዊት ነው። 2ኛ ሳሙኤል 11። በመሸ ጊዜ ከምንጣፉ ተነሥቶ በሰገነቱ ላይ ተመላለሰ። እርሱም ዓይኑን ጣለ፣ እርሱም ሴት አየ። ሰባኪዎች እዚህ ላይ «አያችሁ፣ ሥራ መፍታት!» እንላለን። ግማሹ እውነት ነው። ነገሥታት ለሰልፍ በሚወጡበት ወራት እርሱ ቤቱ ቀርቷል። ግን ምዕራፉን በቀስታ አንብቢው። ደጋግሞ የሚመጣው ቃል «ላከ» ነው። ኢዮአብን ወደ ጦርነቱ ላከ። ስለ ሴቲቱ ልኮ ጠየቀ። መልእክተኞች ልኮ አስመጣት። በመጨረሻም የባሏን የኦርዮን የሞት ደብዳቤ በራሱ በኦርዮ እጅ ላከ። ከሰገነቱ ላይ ዓይኑ ያረፈበት ቅጽበትና የላከበት ቅጽበት አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ወደ ክፍሉ የሚመለስበት ጊዜ ነበረው። ያዕቆብም ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች ሲል (1፥15) በመፀነስና በመውለድ መካከል ጊዜ እንዳለ እየነገረን ነው።

ታዲያ ሰገነቱና ሜዳው ያው ናቸው። ሰዓቱም ያው ነው። አንቺም መስኮቱን መፍራትሽን ተዪው። ጥያቄው ከመስኮቱ ተነሥተሽ ምን ትልኪያለሽ የሚለው ነው።

የቀትር ጋኔንስ? ይህን የሚያነሡም አሉ፤ መዝሙር 90፥6። አዎ፣ የበረሃ አባቶች በዚህ ስም ሲናገሩ አንድ የታወቀ ውጊያ ማለታቸው ነው። ሀኬት ይሉታል። መነኩሴው የሚኖርበት በዓቱ አስጠልቶት ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል። ሰው ይመጣ እንደሆነ ብሎ ደጋግሞ ወደ ውጭ ያያል። ሥራው፣ ወንድሞቹ፣ ቦታው ሁሉ ይሰለቸዋል። ይህ ግን በሐሳብ ከመሄድ ይለያል። በሐሳብ የሄደ ሰው ሰዓቱ ሲያልፍ አይታወቀውም። ሀኬት የያዘው ሰዓቱን እየቆጠረ አላልፍ ይለዋል። አንቺ «ስባንን አንድ ሰዓት አልፏል» ነው ያልሽኝ። ታላቁ አባ እንጦንስም በዚህ ሲጨነቅ መልአክ ታይቶታል። ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ደግሞ ተቀምጦ ይገምዳል። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። መሰላቸቱ አንድ ቀን ከመጣብሽ እጅሽን ሥራ ስጪው።

ስብከትና መዝሙሩን በተመለከተ ጠንከር ልበልብሽ። ሰባኪ ነኝና ስብከት አትስሚ ልልሽ አልችልም። ዝምታን ለመሸሽ የሚከፈት ስብከት ግን ከማንኛውም ሌላ ጫጫታ አይሻልም። አንድ ወንድም «መምህር፣ ቀኑን ሙሉ በጆሮዬ ነዎት» አለኝ። ደስ ብሎኝ ምን እንደያዘ ጠየቅሁት። አንድም አልያዘም። የያዘው ድምፄን ነበር።

ላም ሣር እየጋጠች አታመሰኳም። ጋደም ስትል ነው የምታመሰኳው። ኦሪት ሰኮናዋ ተሰንጥቆ የምታመሰኳዋን እንስሳ ንጽሕት ያለችው (ዘሌ. 11፥3)፣ ማመስኳቷን፣ መምህራን ቃሉን ሰምቶ በልቡ በሚያመላልስ ሰው ይተረጉሙታል። እመቤታችንም እረኞቹ የነገሯትን ሰምታ «በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር» (ሉቃ. 2፥19)። ወዲያው ሌላ እረኛ አላስጠራችም። ጠዋት በቅዳሴ የሰማሽው ወንጌል ጋደም የሚልበት ሰዓት ይፈልጋል። አንቺ ግን በላዩ ላይ ሌላ ሣር እየጫንሽበት ነው።

ባለ መዝሙሩ ደግሞ በ76ኛው መዝሙር «ከልቤ ጋር ተጫወትሁ» ይላል። ይህች የአማርኛ ቃል እንዴት ትጣፍጣለች! ከወዳጅ ጋር ቁጭ ብለን እንደምንጫወተው ማለት ነው። ጨዋታው ግን ቀላል አልነበረም። «ጌታ ለዘላለም ይጥላልን?» የሚል ጥያቄ ሁሉ መጥቶበታል። አፉን አልዘጋበትም። እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ነው «የእግዚአብሔርን ሥራ አስታወስሁ» ያለው።

እንግዲህ አንቺ ከልብሽ ጋር ስትጫወቺ የሚመጡትን እንያቸው። የልጅነቱን ተዪው፤ ይምጣ፣ ይሂድ። ካስደሰተሽ ተመስገን በዪ። ካስለቀሰሽም አልቅሺ።

የአለቃሽ ክርክር ላይ ግን ተጠንቀቂ። ከራሴ ነው የምነግርሽ። እኔ በሐሳቤ ተከራክሬ ተሸንፌ አላውቅም። ያኛው ሰው ሁልጊዜ መልስ ያጣል፤ ነገር ሁሉ የሚያምርልኝ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓቱን ሙሉ አንድን ሰው በሐሳቤ ስረታው ዋልኩ። ማታ መንገድ ላይ አገኘኝና በፈገግታ ሰላም አለኝ። ፊቴን አጠቆርኩበት። ሰውየው ያን ቀን ምንም አላደረገኝም፤ እኔ ግን ሲጣላኝ እንደዋለ ሰው ነበር ያየሁት። ዳዊት መልእክተኛ እንደላከ እኔም ኩርፊያ ላክሁ ማለት ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሁለተኛ ዙር ሲጀምር ከወንበሩ ተነሺ። የሰውየውን ስም ጠርተሽ «አቤቱ፣ እርሱንም እኔንም ማረን» በዪ። መጀመሪያ ላይ ከአንገት በላይ ይሆንብሻል። ግድ የለም።

በጥያቄሽ አላየሁትም፤ የሚያነብ ሌላ ሰው ቢኖር ብዬ ነው የምጨምረው። ሐሳቡ ሁልጊዜ ወደ ጨለማ ብቻ የሚሄድበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ይህ የባከነ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ ለሚቀርበው ሰው ይንገር። ለንስሐ አባቱም ለሐኪምም ይንገር። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ለንስሐ አባትሽም «ሐሳቤ ባከነ» ማለቱን አቁሚ። እርሳቸውም ምን ብለው ቀኖና እንደሚሰጡሽ ሳይቸግራቸው አይቀርም። ይልቅ አስቀምጠሽ ያስተናገድሽው፣ አንቺ ራስሽ ወንበር ያቀረብሽለት ሐሳብ ካለ እርሱን በስሙ ንገሪያቸው።

ስለ ጓደኛሽ አንድ ነገር ልጨምር። በላክሽልኝ ደብዳቤ ስሟ ሁለት ቦታ ነበር፤ እዚህ አውጥቼዋለሁ። የአለቃሽን ስም አንድ ጊዜም አልጻፍሽውም። ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር መስኮትሽን የምታንኳኳው ልጅ ፈተና አትመስለኝም። ስልኳን ካላጠፋሽው፣ የፊታችን እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንን ስብከት ዝጊውና ደውዪላት። ካላነሣች ማታ ድገሚላት።